የሚመለሰው መብራት፦ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሞተርን ሕመም የማንበብ ታሪክ

(በመካነ ሰላም ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብና ለከተማው ነዋሪዎች ከቀረበ የሕዝብ ንግግር ተገልብጦ ለንባብ የተዘጋጀ)



የታሪክ መምህር ስለ ፒክአፕ መኪና ሞተር ሊናገር መቆሙ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ሆኖም በቦረና፣ በአማራ ሳይንት፣ በወግዲ፣ በከላላና በለጋምቦ «መኪናው ቆመ» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለማንኛችሁም ማስረዳት አያስፈልገኝም። ምጥ የጠናባት እናት፣ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚጓዝ ክትባት፣ በክረምት መግቢያ የሚደርስ ምርጥ ዘር፣ የተማሪዎች የፈተና ወረቀት፣ ሁሉም በሆነ ወቅት በፒክአፕ ተጭነው ያውቃሉ። ፒክአፑ አቀበት መሐል ጉልበት ሲያጣ የሚዘገየው ሾፌሩ ብቻ አይደለም።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ አጭር ነው። በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት ያላት ቢጫ መብራት ትበራለች። መካኒኩ በስካነር ኮዱን ያነባል፤ ኮዱ የጠቀሰውን ዕቃ ይለውጣል፤ ኮዱን ያጠፋል። መብራቷም ትጠፋለች። ከሳምንት በኋላ ግን ተመልሳ ትበራለች። ለምን? የመልሱ ግማሽ የቴክኒክ ነው፤ ግማሹ ግን የታሪክ ነው። ኮድ በታሪክ ሙያ ቋንቋ «ምንጭ» የምንለው ነገር ነው። ጸሐፊ አለው፤ የተጻፈበት ምክንያት አለው፤ የሚያየውና የማያየው አለው። ምንጭን እንደ ፍርድ የወሰደ ተመራማሪ እንደሚሳሳት ሁሉ፣ ኮድን እንደ ፍርድ የወሰደ መካኒክም ይሳሳታል። ልዩነቱ የመካኒኩ ስሕተት ለባለመኪናው ገንዘብ፣ አንዳንዴም ለተሳፋሪው ሕይወት መሆኑ ነው።

ማሽንና ደጋው

ይህ ደጋ ከከባድ ብረት ጋር የተዋወቀው ከሞተር በፊት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስሠሩት፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተጓዘው ገደሉ እየተናደ፣ መንገዱ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነበር። ከዚያ ጉዞ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ በዚህ ምድር ማሽን ሲመጣ ፈተናው መሥራቱ ላይ አያበቃም። ዳገቱ፣ ቁልቁለቱና ርቀቱ ሁለተኛ ፈተና ይሆናሉ።

ሞተር ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ መኪና ይዞ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ነው። በወሎ ግን የመኪና ሥራ ሰፊ ሙያ የሆነው ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ነው። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴ በጣሊያን እጅ ከወደቀች በኋላ ከተማዋና ኮምቦልቻ አስመራንና አዲስ አበባን በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ዋና ማረፊያ ሆኑ። ጎዳናው ከባድ መኪናዎችን፣ መኪናዎቹ ጋራዥን፣ ጋራዡ ደግሞ የራሱን ቋንቋ ይዞ መጣ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ቋንቋው ግን ቀረ። ካቻቢቴ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ፖምፓ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሽ፣ ፍሬን፤ ጣሊያንኛ የማያውቅ የመካነ ሰላም ወጣት እነዚህን ቃላት የሚናገረው እንደ አማርኛ ነው፤ አማርኛም ሆነዋል።

ከጎዳናው በስተ ምዕራብ ያለው የእኛ ደጋ ግን ለረጅም ጊዜ ከደሴ ጋራዦች ርቆ ኖሯል። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በአገሪቱ መንገድ እየሰፋ ቢሄድም፣ ከኮምቦልቻ በአቀስታና በመካነ ሰላም በኩል ዐባይን ተሻግሮ ጉንደ ወይን የሚደርሰው መንገድ የቅርብ ዘመን ሥራ ነው። ርቀቱ በጥገና ባህላችን ላይ አሻራውን ጥሏል። ዕቃ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናው ይቆማል፤ የተሳሳተ ዕቃ ከመጣ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቆማል። ስለዚህ እዚህ በትክክል መመርመር ከሌላው ቦታ ይልቅ ዋጋ አለው።

የጆሮና የእጅ ዘመን

ከኮድ በፊት ምርመራ አልነበረም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። የቀድሞው የናፍጣ ሞተር፣ ለምሳሌ በብዙ የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፖች የነበረው ኤል የሚባለው ቤተሰብ፣ ወይም እስከ ዛሬ በላንድ ክሩዘር ፒክአፕ የምናየው 1ኤችዜድ፣ ነዳጁን የሚመጥነው በሜካኒካል ፖምፓ ነው። የሚናገረው በድምፅ፣ በጭስና በንዝረት ነበር። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣን ወይም ውኃን ያመለክታል። አንድ ሲሊንደር መድከሙ ሲጠረጠር መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የኖዝሎቹን ቱቦ ተራ በተራ ያላላል፤ ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ያልተለወጠበት ሲሊንደር ቀድሞም አልሠራም ነበር ማለት ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ የኩሽኔታን ጩኸት ከሌላው ይለያል።

ይህ ሥርዓት ያለው ዕውቀት ነበር። መላ ምት ይቀመጣል፤ ፈተና ይደረጋል፤ ውጤቱ መላ ምቱን ያጸናል ወይም ይጥላል። አዲስ አበባ ተግባረ እድን የመሰሉ ትምህርት ቤቶች ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሙያውን በመደበኛነት ቢያስተምሩም፣ አብዛኛው መካኒክ የሠለጠነው በጋራዥ ልጅነት ነው። ታዳጊው ዕቃ እያቀበለ፣ እያጠበ፣ እየሰማ ያድግ ነበር። የዚህ ትምህርት ድክመት በጽሑፍ አለመስፈሩ ነው። ጌታው ሲሞት የጆሮው መዝገብ አብሮት ይቀበራል።

ኮዱ ከየት መጣ?

ኮዱ የተወለደው ከእኛ ጋር ፈጽሞ በማይመሳሰል ችግር ነው። በሎስ አንጀለስ ከተማ ላይ የተንጣለለው የመኪና ጭስ የካሊፎርኒያን መንግሥት አስጨነቀ። ጭሱን ለመቀነስ ሞተሮች በሴንሰርና በኮምፒውተር እንዲመሩ ተደረገ። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1981 ሞዴል መኪናዎቹ ብልሽትን በመብራት ብልጭታ የሚያሳውቅ ኮምፒውተር በሰፊው አስገባ። ካሊፎርኒያ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪናዎች ራሳቸውን እንዲመረምሩ አስገደደች። በ1996 ሞዴል ደግሞ በመላው አሜሪካ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪናዎችና ቀላል የጭነት መኪናዎች አንድ ዓይነት ባለ 16 ጫፍ ሶኬትና አንድ ዓይነት የኮድ አጻጻፍ እንዲኖራቸው ታዘዘ። የአውሮፓ ኅብረት ተመሳሳዩን ግዴታ በቤንዚን መኪናዎች ላይ ከ2001፣ በናፍጣ መኪናዎች ላይ ከ2004 ገደማ ጀምሮ ተግባራዊ አደረገ።

በመካከሉ የነበረውን ዘመን የሚያስታውሱ መካኒኮች ዛሬም አሉ። በብዙ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ቶዮታዎች መከለያው ሥር ባለው ሶኬት ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ጫፎች በቁራጭ ሽቦ ሲገናኙ መብራቷ ትቆጥራለች። ሁለት ብልጭታ፣ ዕረፍት፣ ሌላ ሁለት ብልጭታ፤ ይህ 22 ነው፤ የውኃ ሙቀት ሴንሰርን ይመለከታል። ለዚህ ንባብ የሚያስፈልገው ሽቦ፣ ዓይንና ትዕግሥት ብቻ ነበር።

እንግዲህ የምንጩን ጸሐፊ እንጠይቅ። ኮዱ የተጻፈው ለማን ነው? በመጀመሪያ ደረጃ ለአየር ጥበቃ ሕግ ነው። በአሜሪካው ሥርዓት መብራቷ እንድትበራ የሚያስገድደው ዋና መስፈርት፣ ብልሽቱ ጭሱን ከተፈቀደው ልክ በአብዛኛው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሊያደርሰው መቻሉ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሴንሰር ያልተተከለለትን ነገር አያይም። የላላ ባሌስትራን አያውቅም፤ የሳሳ ፍሪሲዮንን አይናገርም፤ የሚጮህ ኩሽኔታን አይሰማም። መብራት አለመብራቱ የመኪናውን ጤና አያረጋግጥም።

የኮድ ሰዋስው

የኮዱ አጻጻፍ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ፊደል የመኪናውን ክፍል ይነግራል፤ ፒ የሞተርና የማርሽ ክፍል ነው። ቀጣዩ 0 ከሆነ ኮዱ ለሁሉም አምራቾች የጋራ ነው፤ 1 ከሆነ በአብዛኛው የአምራቹ የግል ነው። ሦስተኛው ቦታ ንዑስ ክፍሉን ያሳያል፤ 1 እና 2 የነዳጅና የአየር ምጥነትን፣ 3 የማቀጣጠል ጉድለትን፣ 4 የጭስ መቆጣጠሪያን ይመለከታሉ። ለምሳሌ ፒ0299 ተርቦው የሚጠበቅበትን ግፊት አለመስጠቱን፣ ፒ0087 የነዳጁ ግፊት ከሚፈለገው ማነሱን ይናገራል።

ልብ በሉ፤ ኮዱ «ተርቦው ተበላሽቷል» አላለም። «ግፊቱ አነሰ» ነው ያለው። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ምስክርነት። በጋራዦቻችን ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በእነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር የጊዜ ሥርዓቱ ነው። ብዙ ብልሽቶች መብራቷን የሚያበሩት በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ከታዩ በኋላ ነው። በሦስት ተከታታይ ጉዞዎች ብልሽቱ ካልታየ መብራቷ በራሷ ትጠፋለች፤ ኮዱ ግን ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል እስኪሞቅና እስኪበርድ ድረስ በማኅደር ይቆያል። ኮምፒውተሩ ብልሽቱ በታየበት ቅጽበት የነበረውን የሞተር ዙር፣ ፍጥነት፣ ሙቀትና ጫና አብሮ ይመዘግባል። ይህ ቅጽበታዊ መዝገብ ለእኔ የሰነድ ቀንና ቦታ ማለት ነው። ኮዱን ከማንበቡ በፊት የሚያጠፋ ሰው ሰነዱን አቃጥሎ ታሪክ ለመጻፍ እንደሚቀመጥ ሰው ነው፤ ቅጽበታዊው መዝገብ ከኮዱ ጋር አብሮ ይጠፋልና።

ከፍታው የሚጽፈው

አሁን ወደ ደጋችን እንመለስ። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው፤ በዚህ ከፍታ ግን 74 ገደማ ነው። በ3,300 ሜትር ወደ 67 ይወርዳል። 1,300 ሜትር ከፍታ ባለው ቆላ ደግሞ 87 ይሆናል። ከዐባይ ሸለቆ ተነሥቶ በመካነ ሰላምና በአቀስታ አልፎ ብርዳሙን የጉጉፍቱ ደጋ አቋርጦ ደሴ የሚገባ ፒክአፕ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ዓይነት አየር ይተነፍሳል ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው የንባብ ስሕተት ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ የመግቢያ አየር ግፊት ሴንሰር ማሳየት ያለበት የአካባቢውን የአየር ግፊት ነው። መመሪያው በባሕር ጠለል ልክ 100 አካባቢ ይላል፤ ስካነሩ መካነ ሰላም ላይ 74 ያሳያል። ከፍታውን ያላሰበ መካኒክ ደህናውን ሴንሰር ይጥላል። አዲሱም 74 ያሳያል፤ ምክንያቱም እውነቱ ያ ነው።

ሁለተኛው የሞተሩ ጫና ነው። ተርቦ በሞተሩ መግቢያ 200 ኪሎ ፓስካል እንዲያደርስ ቢፈለግ በባሕር ጠለል አየሩን ሁለት እጥፍ መጫን ይበቃዋል፤ እዚህ ግን ሁለት ነጥብ ሰባት እጥፍ ያህል መጫን አለበት። አቅሙ ወደ ጫፍ ስለሚገፋ፣ ቆላ ላይ የማይታወቅ ትንሽ የቱቦ ቀዳዳ ወይም አቧራ የዘጋው የአየር ፊልትሮ ደጋ ላይ ኮድ ይጽፋል። የቀድሞ መካኒኮች ይህን ቁጥሩን ሳይጠቅሱ ያውቁት ነበር፤ በደጋ ጥቁር ጭስ የበዛበትን ሞተር የፖምፓውን የነዳጅ ምጣኔ በብሎን ቀንሰው ያስተካክሉ ነበር።

ለምን ይመለሳል?

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። የአንድ የተወሰነ መኪና ታሪክ አይደለም፤ በየጋራዡ የሚያጋጥመውን ለማሳየት ያቀናበርሁት ነው። የኮሞን ሬይል ናፍጣ ሞተር ያለው ፒክአፕ ተጭኖ ከዐባይ ወደ መካነ ሰላም ሲወጣ ጉልበት ያጣል፤ መብራቷ ትበራለች። ስካነሩ ፒ0087 እና ፒ0299 ያነባል። ባለቤቱ ተርቦ ገዝቶ ይለውጣል። ኮዱ ይጠፋል፤ መኪናው በከተማው ውስጥ ይፈተናል፤ መብራት የለም። በቀጣዩ የዐባይ ጉዞ መብራቷ ትመለሳለች።

ቅጽበታዊው መዝገብ ቢነበብ ኖሮ መጀመሪያ የተመዘገበው የነዳጅ ግፊት ማነስ እንደ ሆነ፣ ያም የታየው ሞተሩ ሞቆ በከፍተኛ ጫና ላይ ሳለ እንደ ሆነ ይታወቅ ነበር። ነዳጅ ያነሰው ሞተር የጭስ ጉልበት ያንሰዋል፤ በጭስ ጉልበት የሚዞረው ተርቦም ይደክማል። ሁለተኛው ኮድ የመጀመሪያው ልጅ ነበር። መነሻው በጀሪካን ከተገዛ ናፍጣ የገባ ቆሻሻና ውኃ የዘጋው የነዳጅ ፊልትሮ ነው። በከተማው ለጥ ያለ መንገድ ሞተሩ የሚፈልገው ነዳጅ ጥቂት ስለሆነ የተዘጋው ፊልትሮ ይበቃዋል፤ አቀበቱ ግን ያጋልጠዋል። እንዲህ ያሉ ሞተሮች ነዳጁን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚረጩ፣ የቀድሞው ፖምፓ የሚታገሠውን ቆሻሻ እነዚህ አይታገሡም።

ከዚህ ምሳሌ የሚወጣው ሥርዓት ለታሪክ ተማሪ አዲስ አይደለም። በመጀመሪያ ሁሉንም ኮዶችና ቅጽበታዊውን መዝገብ በወረቀት መገልበጥ፤ ከዚያ በፊት ምንም አለማጥፋት። ቀጥሎ ሾፌሩን መጠየቅ፤ የት፣ መቼ፣ ተጭኖ ወይስ ባዶውን? የሾፌሩ ቃል የኮዱ ጎረቤት ምንጭ ነው። ከዚያ የትኛው ኮድ አባት፣ የትኛው ልጅ እንደ ሆነ መለየት። ዋጋው ከፍ ካለው ዕቃ በፊት ቀላሉን ማየት፦ ፊልትሮ፣ ቱቦና ማሰሪያው፣ የባትሪ ኃይልና የሻሲ ሽቦ፣ አይጥ የበላው ገመድ፣ ውኃ የገባበት ሶኬት። የሴንሰር ኮድ ብዙ ጊዜ የሽቦ ኮድ ነው። በመጨረሻም ከጥገናው በኋላ መኪናውን ብልሽቱ በታየበት መንገድ፣ በዚያው ጭነት መፈተን። የዐባይ አቀበት የጻፈውን ኮድ ሊሽረው የሚችለው የዐባይ አቀበት ነው።

ሌላም የመመለስ ምክንያት አለ፤ ይህኛው የሥነ ምግባር ነው። ሊሸጥ የቀረበ መኪና ኮዱ ማለዳ ጠፍቶ ይቀርባል፤ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ አገሩ ሲገባ መብራቷ ትመለሳለች። ለገዢ ሁለት መጠበቂያዎች አሉት። ቁልፉ ሲከፈት መብራቷ ለአፍታ መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለባት፤ ፈጽሞ ካልበራች አንድ ሰው አምፖሉን ነክቶ ሊሆን ይችላል። ስካነሩም የመኪናው የራስ ምርመራዎች ገና እንዳልተጠናቀቁ ካሳየ፣ ኮዱ በቅርቡ ጠፍቷል ወይም ባትሪው ተፈትቷል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ንባቡ የማን ነው?

ዛሬ ኢኤልኤም327 በተባለው ቺፕ የሚሠሩ ርካሽ ማንበቢያዎች ከስልክ ጋር ተገናኝተው የጋራ ኮዶችን ያነባሉ። የአምራቹን የግል ኮዶችና የጥልቅ ምርመራ መንገዶች ግን ሁልጊዜ አይከፍቱም። የኮዱ ማብራሪያም የተጻፈው በባዕድ ቋንቋ፣ በባዕድ ከፍታ፣ በባዕድ ነዳጅ ልክ ነው። የጣሊያንን ቃላት አማርኛ ያደረገ ጋራዥ ይህን ሁለተኛ ቋንቋ ገና የራሱ አላደረገውም። ጆሮው ያለው አንጋፋ መካኒክ ስካነሩን ይፈራል፤ ስካነሩን የያዘው ወጣት የጆሮውን ትምህርት አልቀሰመም። ሁለቱ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ተለያይተው ይሠራሉ፤ መብራቷም በመካከላቸው ትመላለሳለች።

ጉዳዩ እያደር ይከብዳል እንጂ አይቀልም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳውቋል። በአገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪናዎች ዕድሜያቸው እንዲረዝም ይፈለጋል፤ የሚተኳቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች ደግሞ ሕመማቸውን የሚናገሩት ከሞላ ጎደል በኮድ ብቻ ነው። ጭስ የላቸውም፤ ድምፃቸውም ጥቂት ነው። ኮድን እንደ ምንጭ መመርመር ያልለመደ የጥገና ባህል በዚያ ዘመን የሚመካበት ጆሮ አይኖረውም።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችንና ለባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽና ተግባራዊ ነው። በዚህ ደጋ የሚታዩ ኮዶች፣ የታዩበት ከፍታና መንገድ፣ የተደረገው ጥገና፣ መብራቷ ተመልሳ መብራት አለመብራቷ በአማርኛ የሚመዘገብበት አንድ መዝገብ እንክፈት። የታሪክ ተማሪው ከአንጋፋ መካኒኮች የቃል ምስክርነት ይሰብስብ፤ የምህንድስና ተማሪው ቁጥሩን ይለካ፤ መካኒኩ ደግሞ የመዝገቡ ባለቤት ይሁን። ከአሥር ዓመት በኋላ ከዐባይ አቀበት የመጣን ፒክአፕ የሚቀበል ወጣት ከስካነሩ ጎን የሚገልጠው የአገሩ መዝገብ ቢኖረው፣ የመጀመሪያ ጥያቄው «የትኛውን ዕቃ ልለውጥ?» መሆኑ ይቀርና «ይህ ምስክር ያየው ምንድን ነው?» ይሆናል።